ማብሪያ ማጥፊያ

ጅማ ላይ ወንድ ልጅ በፈረሱ ይጠራል።
ፈረስ ያልነበረው አባቴ በሞተር፤
ነዚፍ ያለው የለም፣ ከመዝገብ በስተቀር፣
«አባ ጉዚ» ነበር።
የወባ ማጥፊያ ሰው፣ ዲዲቲ የሚረጭ፣
ከሂርማታ ሰቃ፣ ከሰቃ እስከ ጌራ
ጭቃውን የሚያውቀው በስም እየጠራ።

ሲሞት ሞተሩ ቀረ። ሦስት ክረምት ሙሉ
ዶሮ ኮርቻው ላይ እንቁላል ጣለች።
ወንድሜ «እንሽጠው፣ በኪሎ» ሲል ሰማሁ፤
ቁልፉን ከካፖርቱ ቀድሜው አወጣሁ።

ሞተሩስ ይነሳል። ማኜቶው ደህና ነው፣
እሳቱን ከገዛ ዙረቱ የሚያወጣው፤
መብራቱ ነው የሞተው።

ሰርባቶዮውን አወረድኩ።
ከሥሩ የወጣው ሽቦ አይባልም፤
አይጥ የተወው ትራፊ፣ ቀልጦ እንደ ማር የሚያጣብቅ ናስትሮ፣
የስልክ ገመድ፣ የሬዲዮ ገመድ፣
ሁሉም ጥቁር፤ ጥቁር ያልነበረውም ጠቁሮ።
አርባ ዓመት አንድ ሰው የጠገነው ነገር
ንድፍ የለውም፤ ጠባይ ነው ያለው።

ካርቶን ጀርባ ላይ መሳል ጀመርኩ፦
ከዲናሞ ወደ ሬጉላተር፣ ከዚያ ባትሪ፣
ከባትሪ ማሳ
(ልጅ ሳለሁ «ማሳው ላልቷል» ሲል እርሻ ይመስለኝ ነበር)።
ማሳው ብረቱን የሚነካበት ቦታ ዝጓል፤
በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፋቅሁት።

መርካቶ፣ ሸምሱ ዘንድ፣ ሽቦ በሜትር ገዛሁ፤
ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ለማሳው ቡናማ።
«ስንት ቮልት ነው?» አለኝ። «ስድስት» ስለው ሳቀ፤
«በስድስት ቮልትማ መንገዱም አይታይሽ፣
አሥራ ሁለት አርጊው።»
«የአባቴ ነው» አልኩት።
ሳቁን አቆመና ሁለት ሜትር ነጭ ሽቦ መረቀ።

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ሲወቅጥ፣
እርሳሱ ሊቀልጥ ሲል መብራት ሲቋረጥ፣
ጥርሴን ፒንሳ አድርጌ፣ ምላሴ መዳብ መዳብ እያለኝ፣
እናቴ በርጩማዋን በራፉ ላይ ስባ
ቁስል የሚሰፋ ሐኪም እንደምታይ ታየኛለች።

ሁሉም ሽቦ የት እንደሚሄድ አወቅሁ።
አንዱ ብቻ እምቢ አለ።
ክላክሱን አይነካ፣ ፊዩዝ ቤት አይገባ፣
በኮርቻው ሥር ተሸሽጎ ሄዶ ሄዶ
የጣት ጫፍ የምታህል የናስ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ቆመ።
ሦስቴ ተጠቅልላለች።
በቴስተር ተከተልኳት፦ ስትጫን
የፊቱ፣ የኋላው፣ የፍሬኑ ሳይቀር ባንዴ ይቆረጣል።
ሞተሩ አይጠፋም።

በጌራ ጫካ፣ በዚያ ጨለማ፣ እየነዳ
መብራቱን ሁሉ በአንድ ጣት የሚያጠፋ ምን ያለ ሰው ነው?

«እማ፣ ይቺ ምንድን ናት?»
«ባትሪ እንዳያልቅ ይሆናል» አለች፣ ወደ ዝናቡ ዞራ።
«መቼ ነው የገጠማት?»
«በሰዓት እላፊው ጊዜ።»
በርጩማዋን ይዛ ገባች።

አባቴ ለብቻው ነበር የሚሄደው፣ እሱና ፓምፑ።
የኋለኛው ሰው እግር መርገጫ ግን፣ አሁን ነው ያየሁት፣
በሁለቱም በኩል ጥርሱ አልቆ ልሟል።

ሽቦውን ሁሉ ቀየርኩ።
ማጥፊያዋ ንድፌ ላይ አልነበረችም፤
ካርቶኑ ጥግ ላይ ስፍራ ፈለግሁላት፣
በሸምሱ ምርቃት፣ በነጩ፣ አሰርኳት።

ማታ ሁለት ሰዓት፣ ዝናቡ ሲያባራ
ሦስቴ ረገጥኩት። በአራተኛው ዱም፣ ዱም፣ ዱም።
ቁልፉን ዞር ሳደርግ
የሻይ ቀለም ያለው ደካማ ብርሃን
የሙዙን ቅጠል፣ አጥሩ ላይ ያለች ድመት፣
በራፉ ላይ እናቴን ያዘ።
ደስ ያላት መሰለኝ።
እጇን አፏ ላይ አድርጋ «አጥፋው!» አለች።

«አጥፋው» ነው ያለችው። «አጥፊው» አላለችም።

ጣቴ ከኮርቻው ሥር ደርሶ ነበር፣ ከእኔ ቀድሞ።
ጓሮው ድርግም አለ።
ሞተሩ ግን ዱም፣ ዱም፣
ከኋላዬም ኮርቻው ትንሽ የወረደ መሰለኝ፣
ሰው እንደተቀመጠበት።